“ቤንዚን አትበላም”

መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ስለ ቪትዝ ሲያወራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው ነገር አለ። “ቤንዚን አትበላም!” ይላችኋል። ቀጥሎ “የያዘቻት ሴት ናት፤ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ብቻ” ይላል። ከዚያ “ገንዘብ ቢኖረኝ ለራሴ አስቀራት ነበር” ይልና ዋጋዋን ይነግራችኋል። ዋጋዋን ስትሰሙ የተነገራችሁ የመኪና ይሁን የቤት ደግማችሁ መጠየቅ ያምራችኋል። እሱ ግን ፊታችሁን አይቶ ምን እንዳሰባችሁ ያውቃል፤ ስለዚህ ይደግምላችኋል። “ቤንዚን አትበላምኮ!”

እንግዲህ ዛሬ እናውራ ያልኩት ስለዚችው ቤንዚን አትበላም ስለምትባለው መኪና ነው። ቪትዝ በሏት፣ ያሪስ በሏት፣ የሱዙኪዋን አልቶ ወይም ዲዛየር በሏት፤ ሞተሯ ከ1300 ሲሲ የማያልፍ፣ አራት ሰው በሰላም አምስተኛውን በመከራ የምትይዝ ትንሽ መኪና ማለቴ ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ትገዛለች ወይስ አትገዛም? ከተማው ደግሞ መልሱን የጨረሰ ነው የሚመስለው። ግማሹ “ከሷ ሌላማ ምን አለ!” ይላል። ግማሹ “ይቺም መኪና ተብላ?” ብሎ ከንፈሩን ይመጣል። ከሁለቱም ወገን ግን ወረቀትና እስክሪብቶ አንስቶ ሲደምርና ሲቀንስ የሚታይ ብዙ ሰው የለም።

ትንሽ መኪና የተፈጠረችው ሰው ትንሽ ነገር ስለሚወድ አይደለም። ችግር ነው የወለዳት። በፈረንጆቹ 1956 የስዊዝ ቦይ ጣጣ መጥቶ እንግሊዝ አገር ቤንዚን በራሽን ሲሆን ነው አሌክ ኢሲጎኒስ የሚባለው መሐንዲስ “ትንሽ ነዳጅ የምትጠጣ፣ ግን አራት ሰው የምትይዝ መኪና ሥራልን” የተባለው። ሚኒ የምትባለዋ መኪና በ1959 ወጣች። ጣሊያኖችም ከጦርነቱ ድቀት እያገገሙ ፊያት 600ን በ1955 ሠሩ። ይቺኛዋ ለኛ እንግዳ አይደለችም፤ “ሴይቼንቶ” ተብላ፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ፣ አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ሆና ስትሠራ ኖራለች። እናቶቻችን ከነዘንቢላቸው ተጣጥፈው ገብተውባታል። ያኔ “ይቺም መኪና ተብላ?” ያለ ሰው ቢኖር በእግሩ ነው የሚሄደው።

ነዳጅ ሲወደድ ምን እንደሚመጣም ይቺ ከተማ ታውቀዋለች። የዓረብና የእስራኤል ጦርነት የዓለምን የነዳጅ ዋጋ ካናጋው በኋላ፣ በ1966 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ የቤንዚን ዋጋ መጨመር ያስቆጣቸው የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች አድማ መቱ። ከመምህራኑ፣ ከተማሪውና ከወታደሩ ጥያቄ ጋር ተደምሮ ነገሩ የት እንደደረሰ የምናውቀው ነው። በኛ ጊዜ ደግሞ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ላንሳ ሲል በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህም ጭማሪው ቀጥሏል። ስለዚህ “ቤንዚን አትበላም” የምትለዋ ቃል የደላላ ቀልድ ብቻ አይደለችም፤ ሰውን የሚነካ ቦታ ትነካለች። ነገር ግን የሚነካ ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም።

እስቲ ወረቀት እናንሳ። አንድ ሰው አያት ይኖራል፤ ሥራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ደርሶ መልሱን 30 ኪሎ ሜትር እንበለው። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖር 660 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ቅዳሜና እሑድ ለቅሶ አለ፣ ሰርግ አለ፣ አክስትን መጠየቅ አለ፤ 800 እናድርገው። ከፊቱ ሁለት መኪናዎች ቀርበውለታል። አንደኛዋ ያቺ የምናውቃት አሮጊት ኮሮላ፣ ዲኤክስ ናት፤ በአንድ ሊትር 10 ኪሎ ሜትር ትሂድ። ሁለተኛዋ ቪትዝ ናት፤ በከተማው መጨናነቅ በሊትር 15 ትሂድ። (ፋብሪካው ከ20 በላይ ይላል። ፋብሪካው ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት መገናኛ ላይ ቆሞ አያውቅም።)

ዲኤክሷ በወር 80 ሊትር ትጠጣለች፣ ቪትዟ 53። ልዩነቱ 27 ሊትር ነው። ለሒሳብ እንዲመቸን ሊትሩን 120 ብር ብንለው በወር 3,240 ብር፣ በዓመት 39 ሺህ ብር ገደማ ተረፈ ማለት ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ደመወዝተኛ በወር 3 ሺህ ብር ቢጨመርለት እሰየው ነው የሚለው። ችግሩ ያለው ወዲህ ነው። በሁለቱ መኪናዎች የመሸጫ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት 800 ሺህ ብር ነው ብለን እንነሳ፤ ደላሎቹ ከዚያም ከፍ ያለ ሊጠሩላችሁ ይችላሉ። 800 ሺውን በ39 ሺህ አካፍሉት። ሃያ ዓመት! ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ፣ ሥራ ይዞ፣ ምናልባትም አግብቶ፣ ያቺ ቪትዝ ገና የተከፈለባትን ትርፍ ገንዘብ በቤንዚን እየመለሰች ነው። እስከዚያ ቪትዟ ራሷ ትኖራለች ወይ የሚለውን አልጠየቅንም።

በዚህ አያበቃም። ያ 800 ሺህ ብር ባንክ ቢቀመጥስ? በ2010 ዓ.ም. የተደነገገውን የ7 በመቶ ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ብቻ ብናስብለት በዓመት 56 ሺህ ብር ያመጣል። ገንዘቡ ተኝቶ የሚያመጣው፣ ቪትዟ ላይ ታች እያለች ከምትቆጥበው በለጠ ማለት ነው። “የባንክ ወለድማ የኑሮ ውድነቱን መች ያክላል?” የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። እመለስበታለሁ፤ የነገሩ ጭራ ያለው እዚያው ነው።

በርግጥ ዲኤክስ ቅድስት ናት እያልኩ አይደለም። አርባ ዓመት የጠጋች መኪና ናት። ጠዋት አልነሳም ትላለች፣ ዝናብ ሲዘንብ ታስላለች፣ ጋራዥ ውስጥ የምትውልበት ቀን ቤታችሁ በር ላይ ከምትውልበት የሚበዛበት ወር አለ። ፍሪሲዮን ዛሬ፣ ኩሽኔታ ነገ። በዓመት የቤንዚኑን ልዩነት ያህል ለጋራዥ ትወስዳለች ብንል እንኳን ሃያው ዓመት ወደ አሥር ዓመት ነው የሚወርደው። ግን ደግሞ ብር ያልሆነ ነገር አለ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ምጥ የያዛት ሚስት ይዞ መንገድ ላይ የሚቆም መኪናና የማይቆም መኪና ልዩነቱ በሊትር አይለካም። በዚህ ምክንያት ቪትዝ ገዛሁ ያለ ሰው ጥሩ ምክንያት አለው። እንዲህ ብሎ ይናገራ! ለምን በቤንዚን ያሳብባል?

አሁን ወረቀቱን ገልብጠን ለሌላ ሰው እንሥራው። ይሄኛው ሰው በስልክ የሚጠራ ታክሲ የሚሠራ፣ ኮድ 3 ታርጋ የለጠፈ ወጣት ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ 3 ሰዓት ይገባል። ባዶውን የሚመላለሰውን ጨምሮ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ በወር 26 ቀን ቢሠራ 3,900 ኪሎ ሜትር ነው። በዲኤክሷ ሒሳብ 390 ሊትር፣ በትንሿ መኪና 260 ሊትር። ልዩነቱ 130 ሊትር፣ በብር 15,600 በወር፣ በዓመት ከ187 ሺህ በላይ። ያው የ800 ሺህ ብር ልዩነት በአራት ዓመት ከጥቂት ወራት ይመለሳል። ለዚህ ልጅ “ቤንዚን አትበላም” ማለት የዕለት እንጀራ ማለት ነው። ከተማዋን በዲዛየር የሞሏት እነዚህ ልጆች ሒሳብ ያውቃሉ። የማያውቀው ከነሱ አይቶ የገዛው ቢሮ ገብ ነው፤ መኪናው በቀን ሁለት ሰዓት ተነድታ ሃያ ሁለት ሰዓት ትቆማለች፣ እሱ ግን እንደ ባለ ታክሲ ነዳጅ ቆጠብኩ ይላል። የቆመች መኪናማ ትልቋም ቤንዚን አትበላም!

ደላላው የማይነግራችሁ ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ከሚስበው አየር ሩብ ያህሉ ጎደለ ማለት ይቻላል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ሲጎድልበት ጉልበቱም በዚያው ልክ ይጎድላል። ባለ 1000 ሲሲዋ ቪትዝ ፋብሪካ ውስጥ 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ እዚህ ስትደርስ ከሃምሳዎቹ ፈቀቅ አትልም። ትልቅ ሞተር ያለው መኪና ሩቡን ቢያጣ አይሰማውም። ትንሿ ሩቧን ስታጣ ግን ይታወቃል። አምስት ሰው፣ አንድ ኩንታል ጤፍና አንድ በግ ጭናችሁ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጡ አንደኛ ማርሽ ላይ ሆና እንደ ወፍጮ ትጮኻለች። በአንደኛ ማርሽ የምትጮኽ መኪና ደግሞ የምትበላውን ትበላለች። ያቺ “በሊትር 15” ያልናት ዳገቱ ሥር ቀርታለች።

መንገዱም አለ። የሰፈሩ ኮብልስቶን፣ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ በአፈር የተደፈነው፣ ክዳኑ የተሰረቀው የፍሳሽ ጉድጓድ… እነዚህ ሁሉ የተሠሩት ለላንድክሩዘር ነው የሚመስለው። ትንሿ መኪና ሆዷ መሬት ይነካል፣ ፓራውልቷ በየጉብታው ይላጫል፣ ቸርኬዋ ትንሽ ስለሆነ ጉድጓዱ ከነነፍሷ ይውጣታል። የመሪውንም ነገር ጠይቁ። ቪትዝ የተባለችው የጃፓን አገር ውስጥ መኪና ናት፤ እዚያ ደግሞ መሪው በቀኝ ነው። ለውጭ አገር ሲሠሯት ያሪስ ነው የሚሏት። ስለዚህ “ቪትዝ” የምትል ጽሑፍ የለጠፈች፣ መሪዋ ግን በግራ የሆነ መኪና ስታዩ፣ መንገድ ላይ አንድ ሰው አንጀቷን አውጥቶ ገልብጦላታል ማለት ነው። ጥሩ አድርጎ የገለበጠ አለ፤ ዳሽቦርዱን በማጣበቂያ የለጠፈም አለ። ስለ ቤንዚን ከመጠየቅ በፊት ስለዚህ መጠየቅ የሚበጅ ይመስለኛል።

“ትንሽ መኪና ከነካካት አበቃላት” የሚለውንም ሳንመዝን አንለፍ። በፈረንጆቹ 2014 ግሎባል ኤንካፕ የተባለው የመኪና ደኅንነት መርማሪ ድርጅት ሕንድ ውስጥ የሚሸጡ አምስት ትናንሽ መኪናዎችን በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ከፊት ለፊት አጋጭቶ ሞክሯቸው ነበር። ከነሱ ውስጥ የሱዙኪዋ አልቶ 800ም ነበረችበት። ለአዋቂ ተሳፋሪ ደኅንነት አምስቱም ያገኙት ዜሮ ኮከብ ነው። ከአምስቱ አንዷ ግን፣ የቮልስዋገኗ ፖሎ፣ ሁለት ኤርባግ ገብቶላት ስትፈተን አራት ኮከብ አገኘች። ያቺው መኪና፣ ያው ትንሽነት! እንግዲህ ጥፋቱ የቁመቷ ሳይሆን የቆጠቡባት ነገር ነበር። ሱዙኪ አዲሷን ዲዛየር በ2024 ሲያወጣ ደግሞ ከዚያው መርማሪ አምስት ኮከብ ይዛ ወጣች። ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ “ስንት ትበላለች?” ብለህ ስትጠይቅ “ኤርባጓ አለ? ፈንድቶ በጨርቅ ያልተሸፈነ ነው?” ብለህም ጠይቅ። በርግጥ ሕዝቡ “ቀይ ሽብር” ብሎ ከሰየመው ከሲኖትራክ ጋር ከተገናኙ ኮከብ የሚቆጥር የለም፤ ያ ግን የትንሿ መኪና ወንጀል አይደለም።

አሁን ወደ ከንፈር መጣጮቹ እንምጣ። እነዚህኛዎቹ ደግሞ መኪናን በክብደት የሚገዙ ናቸው። “የሴት መኪና” ይሏታል፤ ሴት የያዘችው ነገር ዋጋው የሚወርድ ይመስል። (ያው ደላላ ሊሸጥ ሲፈልግ “ሴት ናት የያዘቻት” ማለቱን አስታውሱልኝ። ሲሸጡ ሴትነት ጥንቃቄ ነው፣ ሲነዱ ግን ውርደት!) ሆቴል በር ላይ ጥበቃው ቪ8 ሲመጣ ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ከፍቶ ያስገባል፤ ትንሿ ስትመጣ “ቦታ የለም፣ ውጪ አቁሙ” ይላል። ቦታ የምትይዘው ግን ማን ናት? ሽማግሌ የሚልክ ልጅ እንኳን መኪና ከጓደኛው ይዋሳል፤ የራሱን ቪትዝ መታጠፊያው ላይ አቁሞ።

ይሄ ንቀት የኛ ብቻ አይደለም። የሕንዱ ራታን ታታ አባት፣ እናትና ልጆች ተደራርበው በአንዲት ስኩተር ዝናብ ላይ ሲሄዱ አይቶ ለነዚህ ሰዎች ጣራ ያለው ነገር ልሥራላቸው ብሎ ተነሳ። በፈረንጆቹ 2008 ናኖ የተባለችውን መኪና 100 ሺህ ሩፒ ዋጋ ቆርጦ አሳየ። ሞተሯ 624 ሲሲ፣ በዓለም ላይ የርካሾች ርካሽ። ዓለም አጨበጨበ። ገዢ ግን ጠፋ! የእሳት አደጋ ወሬም ጎድቷታል፤ የፋብሪካው ቦታ ውዝግብም አዘግይቷታል፤ ከሁሉ የባሰው ግን “ርካሽዋ መኪና” የሚለው ስሟ ነበር። ራሱ ታታም በኋላ ላይ በርካሽነቷ መተዋወቋ ስሕተት እንደነበር ተናግሯል። ድሃው ሰውዬ ስኩተሩን ጥሎ መኪና ውስጥ ሲገባ ድህነቱ አብሮት ተጽፎ እንዲገባ አልፈለገም። በ2018 ሥራዋ ቆመ። ሰው መኪና ሲገዛ የሚገዛው ጎማና ሞተር ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት በመስኮት ሲያይ የሚያየውን ነገር ጭምር ነው።

እኛ ዘንድ ያልሆነው ግን አንድ ነገር ነው፤ ትንሿ መኪና ተንቃ ርካሽ አልሆነችም። ተንቃም ውድ ናት! እንዴት? ቅድም እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄን ነው።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አዲስ ለሆነች፣ ሞተሯ ከ1300 ሲሲ ለማይበልጥ መኪና ቀድሞ 30 በመቶ የነበረውን ታክስ ወደ 5 በመቶ አወረደው። ከ1800 ሲሲ በላይ ለሆነችው አዲስ መኪና 100 በመቶ ነው። ለአሮጌ መኪና ደግሞ እንደ ዕድሜዋና እንደ ሞተሯ እስከ 500 በመቶ ድረስ ተጫነባት። አዋጁ አሮጌውን ትታችሁ አዲስና ትንሽ ግዙ ነበር የሚለው፤ ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ያገለገለች ቪትዝ ከውጭ ማስገባት የማይሞከር ሆነ፤ ቀድመው የገቡት ደግሞ በአንድ ሌሊት ወርቅ ሆኑ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። በሩ ተዘጋ። ሐምሌ ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። እንግዲህ አስቡት፤ በባንክ ብር ያስቀመጠው ሰው እጁን ጭንቅላቱ ላይ ሲጭን፣ ቪትዝ በር ላይ ያቆመው ሰው ሻይ እየጠጣ ነበር።

በዚህ የተነሳ ቪትዝ መኪና መሆኗ ቀረና ባንክ ሆነች። በሸራ ተሸፍና የምትውል፣ ቅዳሜ ላቫጆ ሄዳ የምትመለስ፣ ልጆቹ በጫማ የማይገቡባት፣ “ነገ ስሸጣት” እየተባለች የምትኖር ባንክ። ነዳጅ መቆጠቧማ ያቺ ሰበብ ናት። እውነተኛው ነገር ሰዉ በገንዘቡ ላይ እምነት ማጣቱ ነው። በዚህ ማንንም አልወቅስም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይሄን ባንክ ለመግባት ሰው የሚከፍለው ነው። ሁለቱም ደመወዝተኛ የሆኑ ባልና ሚስት የስምንት ዓመት ዕቁብ አንድ ላይ ይጥላሉ፤ ከወንድም ይበደራሉ፤ ለኮንዶሚኒየም ሲቆጥቡ የነበረውን ያወጣሉ። በወር 3,240 ብር ቤንዚን ለመቆጠብ! የቤት ኪራዩን እየከፈሉ፣ ዕዳውን እየከፈሉ፣ መኪናዋን እንዳትጫር እያዩ ይኖራሉ። ከዚያ አንዱ ልጅ ይታመማል፤ ገንዘቡ ግን በር ላይ ቆሟል። መኪና ሲቸግር ቆርሰው የሚሸጡት ነገር አይደለም። ኮፈኗን ለመድኃኒት፣ በሯን ለትምህርት ቤት ክፍያ ማድረግ አይቻልም። ሙሉዋን ነው የምትሸጧት፤ የቸኮለ ሻጭ ደግሞ ደላላው ገና ከአረማመዱ ያውቀዋል።

ባንክ ናት ካልንም እንደ ባንክ እንመርምራት። ዋጋዋን የያዘው በሩ መዘጋቱ ነው። ወደ ከተማዋ እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪናዎች ውስጥ ደግሞ ትናንሾች አሉ፤ የቻይናዋ ቢዋይዲ ሲጋልን የመሳሰሉ። ለዳገታማ ከተማ ኤሌክትሪክ ይመቻታል። ሞተሩ አየር ስለማይስብ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ጉልበቱ አይቀንስም፤ ከእንጦጦ ስትወርድ ደግሞ ፍሬኗ የባትሪውን ጥቂት ይመልስላታል። ለዚያ ከአያት ሜክሲኮ ለሚመላለሰው ሰውዬ በወር 100 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ቢበቃው ነው። ቤንዚን አትበላም ማለት ይቺ ናት፤ በእውነት አትበላም። እንዲህ ያሉት በበዙ ቁጥር የዛሬዋ ቪትዝ በዛሬው ዋጋዋ ትቆያለች ብሎ በዕዳ የገባ ሰው ብዙ እምነት ይዞ ነው የገባው።

ስለዚህ የኔ ሚዛን ይሄ ነው። በቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የምትነዱ፣ በመኪና እንጀራ የምትበሉ ከሆነ ትንሿን ግዙ፤ ሌላ አትመልከቱ። ዕዳ ሳትገቡ የምትችሉ፣ ልጆች ትምህርት ቤት የምታደርሱ፣ በታክሲ ሰልፍ የተሰላቻችሁ፣ በመንገድ መቆም የማትፈልጉ ከሆነም ግዟት፤ ሰው “የሴት መኪና” ቢል ቦታ ስታገኙ እሱ ይዞራል። ግን በቤንዚኑ ምክንያት ብላችሁ አሁን ያለቻችሁን መኪና ሸጣችሁ፣ ላይዋ ላይ ሌላ ዕዳ ጨምራችሁ ወደ ትንሿ የምትዘሉ ከሆነ ሒሳቡ አይወጣም። በተለይ ዕዳው ወለድ ያለው ከሆነ አይሞከርም። ኪሎ ሜትራችሁን አንድ ወር ጻፉት፤ ከዚያ ደላላ ጋ ሂዱ።

የኤሌክትሪኳንም ነገር በጭብጨባ አንጨርሰው። ግቢ ላለው ሰው ማታ ሰክቶ መተኛት ነው፤ መብራት ካልጠፋ። አብዛኛው ደመወዝተኛ ግን የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ። ቆጣሪው የእሱ፣ መኪና ማቆሚያው የሁሉም፣ ሶኬቱ የማንም አይደለም። ከመስኮት ገመድ ጥሎ ሌሊቱን ሙሉ በሦስት ጎረቤት በረንዳ ላይ ሊያሳልፈው ነው? አንዷ ጎረቤት ልብስ ልታሰጣበት፣ ልጆች ሊንጠለጠሉበት፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ደግሞ ጠዋት ስብሰባ ሊጠሩበት? ደላላው ይሄን ስትጠይቁት ወደ ቪትዟ ይመለሳል።